የባሻ ቦይ

በዚያ ክረምት ፀሐይ አላየንም። ሰኔ በዝናብ ገባ፣ ሐምሌ በዝናብ ወጣ። የአራዳ መንገድ በቅሎ እስከ ሆዷ የምትሰምጥበት ጭቃ ሆነ። እንጨቱ አይነድም፣ ልብሱ አይደርቅም። ሁለት ጎረቤት በተቅማጥ ቀበርን።

ነሐሴ ሲገባ ቤቴን እዳሪ ሞላው። በጓሮ በር ሥር እየፈለቀ ገባ። የእኛ አልነበረም። የባሻ ወልደሥላሴ ነበር።

ባሻ ከእኔ በላይ፣ ዳገቱ ላይ የድንጋይ ቤት አለው። የሰገራ ቤቱ ፍሳሽ ወደ ወንዙ የሚወርደው በእኔ ጓሮ ባለው ቦይ ነው። ቤቱን ሲሠራ ቦዩን በጓሮዬ እንዲያሳልፍ ለመነኝ። «በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ቦዩን እኔ እጠርጋለሁ» ብሎ በማርያም ማለ። አንድ ዓመት ጠረገ። ከዚያ ተሾሞ ባሻ ተባለና ዶማ መያዝ ነውር ሆነበት። ስንት ክረምት እኔ ጠረግሁለት። ዘንድሮ ወገቤ እምቢ አለ።

ልጄ ነሲባ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። እግሯን አልጋ ላይ ሰቅላ ትውላለች። ሚስቴ ሸፊቃ በቅል እየቀዳች ትደፋለች፤ ተመልሶ ይመጣል። እኔም መስገጃ የምዘረጋበት ደረቅ መሬት አጣሁ።

«እዚህ ውስጥ አልወልድም» አለች ነሲባ።

«የት ትወልጃለሽ?»



ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ባሻን ጥላ ይዞ አገኘሁት።

«ባሻ፣ ቦዩ ተደፍኗል። ቤቴ በእዳሪዎ ተሞልቷል።»

«ዝናቡን እኔ ነኝ ያዘነብሁት? ፈጣሪህን ክሰስ!»

«በሕግ አምላክ!» አልሁና የጋቢዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠርሁ።

እንዲህ የተቋጠረ ተከሳሽ ዳኛ እስኪያየው ወይም ከሳሹ እስኪፈታው ድረስ አይለይም። ቋጠሮውን መበጠስ ትልቅ ጥፋት ነው። የባሻ ፊት ጠቆረ። ሰው ከበበን።

በቅሎ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲያልፉ «ዳኛ ይሁኑን» ብዬ አስቆምኋቸው። የተጠራ መንገደኛ እምቢ አይልም። ሁለታችንንም ሰሙ።

«መማልህን ትክዳለህ?» አሉት ባሻን።

«አልክድም፤ ግን ዝናቡ…»

«ጉዳቱን እኔ አላየሁም። ሰኞ ዳኛ ሄዶ ያየዋል። እስከዚያ እንደተቋጠራችሁ ከሳሹ ቤት ሰንብቱ» ብለው በቅሏቸውን ነዱ።

አንዲት ቅቤ ሻጭ ሳቀች። «ሙሽሮች! መልሱ መቼ ነው?»

እንደተቋጠርን ቁልቁለቱን ወረድን። ደጄ ስንደርስ ሽታው ተቀበለን። ባሻ ደፉ ላይ ቆመ።

«ይግቡ» አልሁት።

«እዚህ?»

«እኛ የምናድርበት ነው።»

ገባ። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ነሲባ ከአልጋው ላይ አየችው።

«አይፍሩ፣ ባሻ። የራስዎ ነው» አለችው።

ባሻ ወደ ሆዷ አየ።

«ዶማ አለህ?» አለኝ።

ቋጠሮው ስላልተፈታ አብሬው ቦዩ ውስጥ ወረድሁ። ሥራውን ግን አልነካሁም። እሱ ቆፈረ፤ ዶማው ያልደረሰበትን በእጁ ዛቀ። ኩታው ጭቃ መሰለ። ከአጥሩ ሥር የተወተፈውን ጨርቅና ድርቆሽ መንጭቆ ሲያወጣ ፍሳሹ ተንደርድሮ ወደ ወንዙ ወረደ።

ሸፊቃ ወለሉን አጥባ አመድ ነሰነሰችበት። ሳይመሽ ነሲባ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች።

«ፍታኝ እንግዲህ» አለ ባሻ።

ቦዩን እስከ ታች ተከትዬ አየሁት፤ እሱም እየተጎተተ ተከተለኝ። የቀረ ነገር አልነበረም። ቋጠሮውን ፈታሁ።

«እግዜር ይስጥህ እንኳ አትልም?» አለኝ።

አላልሁትም። ዕዳውን ነው የከፈለው።