ሦስተኛ ፎቅ፦ ዜሮ

ዜሮ ሲያይ ፊቱ የሚበራ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱም የሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ ነው። ያ ፈገግታው ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እኔ የጊዜያዊ መብራት ባለሙያ ነኝ። ሕንፃው አልቆ የራሱ መስመር እስኪገባለት ድረስ መሰርሰሪያውም፣ ፓምፑም፣ ብየዳውም የሚሠራው ምድር ቤት ካቆምኩት የብረት ሣጥን በሚወጣ ገመድ ነው። ገመዱ በአቧራ፣ በውሃና በጋሪ ጎማ ሥር ያልፋል። ሲላላጥ ወይም ማሽኑ ውስጥ ውሃ ሲገባ ኤሌክትሪኩ ከመንገዱ እየሾለከ ወደ ማሽኑ ብረት ይወጣል። ያን የሾለከውን ወደ መሬት የሚወስደው አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሽቦ ነው። እሱ ከሌለ ጣጣው ማሽኑን ለያዘው ሰው ይተርፋል። የኔ ሥራ ከእያንዳንዱ መስመር ምን ያህል እንደሚሾልክ በየቀኑ ማየት ነው። የሚለካው በሚሊ አምፔር ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ «ሚሊዬ» ይለኛል፤ እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝ።

ድሮ ሣጥኑ ውስጥ የሾለከው ሠላሳ ሲደርስ መስመሩን በራሱ የሚቆርጥ ማብሪያ ነበር። እኔ ታምሜ በቀረሁበት ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው አስመጥቶ አስነቀለው። ምክንያቱን ጠይቁኝ፤ «ሥራ እያቋረጠ አስቸገረን» ነው። በምትኩ ቁጥር ብቻ የሚያሳይና ሲበዛ የሚጮህ መሣሪያ አስገባ። ጩኸቱ ቢሮው ድረስ ሲሰማው ደግሞ በሁለተኛው ቀን የጩኸቱን ሽቦ አስቆርጦ ተገላገለ። ስመለስ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሄድኩበት።

«ሰው ይሞታል እኮ!» አልኩት።

«አንቺ እያለሽ ማን ይሞታል? ጠዋት ጠዋት ታነቢያለሽ፣ ከፍ ያለውን ትነግሪኛለሽ። አለቀ» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

ያኔ ዕቃዬን ሰብስቤ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም፤ ራሴን የምረግመውም እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ባለማሽኑ ሁሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተራ በተራ ማሽኑን ለአንድ ደቂቃ ያስነሳል፣ እኔ ሣጥኑ ጋ ቆሜ ቁጥሩን አነባለሁ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። የምጀምረው ከላይ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ነው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ በውሃ እያራሰ ወለል የሚሞርደው ባለሙያ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። እዚህ ከመቀጠሩ በፊት ስምንት ወር ሥራ አጥቶ ቤት ተቀምጧል። ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይችል የበሮቹን ማጠፊያ ዘይት ሲቀባ ይውል ነበር፤ በመጨረሻ በሮቹ ራሳቸው እየተከፈቱ አስቸገሩን።

ሰኞ ማሽኑ ዘጠኝ አሳየ፣ ማክሰኞ አሥራ አራት፣ ረቡዕ ሃያ ሁለት። ወንድሜ ነው ብዬ አንዲት ቁጥር አልቀነስኩም። «ግማሽ ቀን ይስጡኝና ማሽኑን ልክፈተው» ብዬ ለመንኩ። ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳውን አየና ማሽኑን ትቶ ሰውየውን ያዘ። ከሰሌዳው አጠገብ ወረቀት ለጠፈ፦ «ከነገ ጀምሮ ማሽኑ ከሃያ በላይ ያሳየ ባለሙያ ከሥራ ይሰናበታል።» ጉድ እኮ ነው! ማሽኑ የድርጅቱ፣ ገመዱ የድርጅቱ፣ ጥፋቱ ግን የወንድሜ።

የዚያን ቀን ከሥራ ስንወጣ ወንድሜ «እታለም፣ ይሄ ቁጥር ከየት ነው የሚመጣው?» አለኝ።

«በአረንጓዴው ሽቦ የሚያልፈው ነው ጋሼ። ከማሽንህ የሾለከው በሱ አድርጎ ወደ መሬት ይሄዳል።»

«በሱ ብቻ?»

«ደረቅ ላይ ከቆምክ፣ አዎ፣ በሱ ብቻ።»

«እህ» አለና ስለ ልጁ ጫማ ማውራት ጀመረ። እኔ ሞኟም ስለ ጫማው አወራሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ የወረቀቱን ፍሬ ሊያይ ራሱ ሣጥኑ ጋ መጣ። «ሦስተኛ ፎቅ!» ብዬ ተጣራሁ። ማሽኑ ተነሳ፤ ጩኸቱ ምድር ቤት ድረስ ይሰማል። ቁጥሩ ግን ዜሮ ላይ እንደተገተረ ቀረ።

«አየሽ? ወረቀት ሲለጠፍ ማሽንም ይፈራል!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ጻፈው፦ «ሦስተኛ ፎቅ፦ ዜሮ።» ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

 ደህና የሚባል ማሽን እንኳ አንድም ሁለትም ያሳያል፤ ትናንት ሃያ ሁለት ያሳየ፣ ማንም ያልከፈተው ማሽን እየሠራ ዜሮ ሊሆን አይችልም። የሚሾልከው አልጠፋም ማለት ነው፤ መውጫ አጥቶ ብረቱ ላይ ሰው እየጠበቀ ነው። የሦስተኛ ፎቅን ማብሪያ ዘጋሁ፣ ሣጥኑን ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

«ምን ነካሽ? ዜሮ ነው እኮ!»

«ዜሮ ስለሆነ ነው የዘጋሁት» ብዬው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጣሁ።

ወንድሜ ገና ባልራሰው ወለል ላይ ውሃ የሞላ ባልዲ አንጠልጥሎ ቆሟል። «ወለሉን ላርስ ስል ጠፋብኝ፣ ምነው?» አለ። እግሩን አየሁ፤ የግራ ቦት ጫማው ተረከዙ ላይ ተሰንጥቋል። ባልዲውን ከእጁ ነጥቄ እሱን ርቆ እንዲቀመጥ አደረግኩና የማሽኑን ስፒና ከሶኬቱ ነቅዬ በካቻቢቴ ፈታሁት። አረንጓዴው ሽቦ ከቦታው ወጥቷል። ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ሦስት ዙር፣ መጨረሻው ወደ ውስጥ የታጠፈ። እንዲህ አድርጎ መጠቅለል ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ!» አልኩት።

«በሱ ብቻ ነው የሚያልፈው አላልሽኝም?» አለ ቀስ ብሎ። «ካላለፈ አይቆጠርም ብዬ ነው። እንደገና ቤት መቀመጥ አልችልም፣ እታለም።»

ልመታው እጄን አንስቼ ነበር። ታላቄን፣ ያሳደገኝን። እጄ አየር ላይ እንዳለ እንባዬ ቀደመኝ። በሱም በራሴም ተናድጃለሁ፤ ያን ወረቀት ባገኘው ግን በጥርሴ ነበር የምቦጭቀው።

ሥራ አስኪያጁ እያለከለከ ደረሰ፤ ሠራተኛውም ተከትሎት ወጣ። የተፈታውን ስፒና ሲያይ «ማነው ይሄን ያደረገው? አሁኑኑ ይባረራል!» ብሎ አምባረቀ።

 ስፒናውን እንደነበረ ገጥሜ ሰካሁት። ሰውን ሁሉ ወደ ኋላ አርቄ ቁልፉን ለአንድ ግንበኛ ሰጥቼ፣ «አብራ ስልህ አብራ፣ አጥፋ ስልህ አጥፋ» ብዬ ወደ ሣጥኑ ላክሁት። ቮልት የሚለካውን የቴስተሬን አንድ ጫፍ የማሽኑ እጀታ ላይ፣ ሌላውን ከምሰሶው በወጣው የፌሮ ብረት ላይ አሰርኩና ራቅ ብዬ «አብራ!» አልኩ።

«ሁለት መቶ አራት ቮልት» ብዬ ለሁሉም አነበብኩላቸው። «አጥፋ!»

ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞርኩ። «አሁን አስበራልሃለሁ፤ እጀታውን ያዘው።» አንተ እንዳልኩት የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ ልመልሰውም አልፈለግኩም። «ዜሮ ነው ብለህ ጽፈሃል፣ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ና፣ ያዘው!»

ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተተ። ያ ሁሉ ሰው እያየው።

«እኔ… የማሽን ባለሙያ አይደለሁም» አለ።

«ወንድሜስ የመሞት ባለሙያ ነው?»

 ወንድሜ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሽቦውን የፈታሁት እኔ ነኝ» አለ። ሥራ አስኪያጁ መፈናፈኛ ያገኘ መስሎት ጣቱን ሊቀስርበት ሲል፣ በያጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የኔንም ፈትቼዋለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ትናንት አሥራ ስምንት ነበር፣ ዛሬ ሃያ ቢያልፍስ ብዬ።»

«እኔም» አለ ባለፓምፑ። ባለፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ነው የሚቆመው።

ባልዲው አጠገብ ዝርፍጥ አልኩ። አንድ ወረቀት በአንድ ሌሊት ሦስት ሰው ሊገድል ነበር፤ ሦስቱም ለእንጀራቸው ብለው፣ ሦስቱም በገዛ እጃቸው።

ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ማብሪያ ካልተመለሰ ማሽን አናስነሳም ብለው ሁሉም ቁጭ አሉ። በማግስቱ ማብሪያው ተመለሰ። ወረቀቱን ማን እንደቀደደው አላውቅም፤ እኔ ስደርስ የማጣበቂያው ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠየቀ ወይ? የት አባቱ! ሰላምታም ከለከለኝ። የወንድሜን ማሽን ስከፍተው ከሽቦ መግቢያው ውሃ ፈሰሰ፣ አንዱም ሽቦ ብረቱ እስኪታይ ተልጧል። ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም።

ቅዳሜ ጠዋት «ሦስተኛ ፎቅ!» ብዬ ተጣራሁ። ማሽኑ አልተነሳም። ደግሜ ብጣራም ዝም አለ። ወደ ደረጃው ልሮጥ ስል የወንድሜ ድምፅ ከላይ መጣ።

«ቆይ፣ ስፒናውን ፈትቼ እያየሁ ነው!» አለ። ትንሽ ቆይቶም «ሽቦው በቦታው አለ፤ አሁን አንብቢ» አለኝ።

ሦስት አሳየ። ሦስት ብዬ ጻፍኩ።