ጥግ ላይ ያለችው ሦስት ማዕዘን

አንቴና መፈተሻ ክፍላችን ውስጥ ያለነው እኔና የባለቤቴ አባት ነን። እኔ አባባ እላቸዋለሁ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ጋሽ መስመር ይላቸዋል። አንቴና በምንለካበት በኔትወርክ አናላይዘሩ ስክሪን ላይ የሚወጣውን ግራፍ በማርከር አያነቡማ! ማርከር የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ምልክት ግራፉ ላይ ብታሳርፉት ቁጥሩን ጥግ ላይ ጽፎ ይሰጣችኋል። እሳቸው ግን ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ለጥፈው ከላይ ወደ ታች መስመር ይቆጥራሉ፤ አንዱ መስመር አምስት ዴሲቤል ነው። የጣታቸውን አሻራ ስወለውል የምውለው እኔ ነኝ።

«አባባ፣ መነጽር ይግዙ» ስላቸው፣ «መነጽር የሽማግሌ ነው» ይሉኛል። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው እንግዲህ።

ባለፈው ማክሰኞ አለቃችን መጣች። ልጅ ናት፣ ጎበዝም ናት፤ ግን ግራፍ አታይም፣ የምታምነው ቁጥር ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሟል ሲሉ ሰማሁ» አለች። «እስቲ አንድ አንቴና አሁን ያንብቡልኝ። ከማርከሩ ጋር ካልገጠመ ከነገ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚሠሩት።»

ሠላሳ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ነው! እውነቱን ልናገር፣ ለራሴም ፈርቻለሁ፤ ኩርፊያቸውን ይዘው ማታ የሚገቡት እኔ ቤት ነው።

አባባ አንቴናውን ከኬብሉ ጋር አገናኝተው አጠበቁ። ግራፉ መሃል ላይ ወደ ታች ዘለቀ። በጠለቀ ቁጥር አንቴናው ጥሩ ነው፤ ሃያ ካልደረሰ ግን ከክፍላችን አይወጣም። ጣታቸውን አስጠጉና አምስት መስመር ቆጠሩ።

«ሃያ አምስት» አሉ ኮራ ብለው።

አለቃችን ማርከሩን በጣም የጠለቀው ቦታ ላይ አሳረፈችና ጥጉን አነበበች። «አራት ነጥብ አንድ።»

አባባ ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ሃያ አምስት። ማርከሩም ያው አራት ነጥብ አንድ።

«እንግዲህ… ዓይኔ ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። እንዲህ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም።

በንዴት ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። ከቁጥሩ አጠገብ የምስር ፍሬ የምታክል ሦስት ማዕዘን ቁጭ ብላለች። ወይ ጉዴ! እሷ ስትኖር ማርከሩ የሚናገረው ከሌላ ማርከር ያለውን ልዩነት ነው። ያንን ሌላውን ማርከር ጠዋት ሃያ አንድ ላይ አቁሞ አንቴናዎችን ሲያወዳድር የነበረው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? እኔው! ሳላጠፋው ነው ሻይ ልጠጣ የወጣሁት።

«ጥፋቱ የኔ ነው!» ብዬ ጮህኩና ሌላውን ማርከር የሚያጠፋውን ቁልፍ ተጫንኩ። ሦስት ማዕዘኗ ጠፋች፤ ሃያ አምስት ነጥብ አንድ ወጣ።

አለቃችን ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ይቅርታ ጋሼ፣ ወንበርዎ የእርስዎ ነው» ብላ ወጣች። እኔን ግን እንዴት እንዳየችኝ!

በሩ እንደተዘጋ አባባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የኔ ልጅ፣ የትኛዋ ሦስት ማዕዘን?»

«ጥግ ላይ፣ ቁጥሩ አጠገብ የነበረችው ናታ!»

«እዚያ ጥግ ላይ'ኮ ለኔ ጉም ነው ያለው። ማርከር የማልወደው ለምን ይመስልሻል?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጡ። በማግስቱ ክንዳቸውን ይዤ መነጽር ቤት ወሰድኳቸው።

ሐሙስ ዕለት አዲሱን መነጽር አድርገው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ማርከሩን ራሳቸው አንቀሳቅሰው ጥጉን አነበቡ፦ «ሃያ ሦስት ነጥብ ስድስት።» ደስ አላቸው፤ እኔማ ልጨፍር ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«አንቺ» አሉኝ፣ «ይሄ ሁሉ የጣት አሻራ ምንድን ነው? ይሄን ስክሪን የሚወለውል ሰው የለም እንዴ?»