ጋሼ ሳይሰሙ

እኔ ሰው ፊት ለፊት መጋፈጥ አያቅተኝም። የቤት አከራዬንም ግብር ሰብሳቢውንም ልክ ልካቸውን ነግሬያለሁ። የባሌን ታላቅ ወንድም፣ ጋሼን ግን አልችላቸውም። ባሌን አባት ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዳቦ ቤቴ ከተከፈተ ጀምሮም ከወፍጯቸው ዱቄት የሚያቀርቡልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ልተዋቸው ነው፤ በየት አፌ ልንገራቸው?

ዱቄቱማ እንከን አይወጣለትም። ግን ሦስት ወር ሙሉ አረፈዱብኝ! ንጋት ላይ መድረስ ያለበት ጆንያ ረፋድ ላይ ይመጣል፤ ሊጡ ኩፍ ሳይል ሰዓቱ ይሄዳል። ትልቋ ደንበኛዬ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። "አንድ ቀን ብትደግሚው ሌላ ዳቦ ቤት እሄዳለሁ" ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። እሷ ከሄደች ሱቄን ዘግቼ ቁጭ ነው።

ስለዚህ ከከተማው ዳር ካለ ትልቅ ዱቄት ፋብሪካ መግዛት ጀመርኩ። በአንዴ ግን አልዞርኩም፣ ሞኝ አይደለሁም! አዲሱ ዱቄት ቢያሳፍረኝስ? የመጀመሪያው ሳምንት ከአራት እጅ አንዱን፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ በሦስተኛው ሙሉውን ለወጥኩ። የጋሼን ለክፉ ቀን ብዬ መጋዘን ደረደርኩት።

ትልቁ ጣጣ ዋናው ጋጋሪዬ ነው። የማያውቀው ነገር ስለሌለ "ፕሮፌሰር" እንለዋለን። ዱቄት በሁለት ጣቱ አሽቶ የየትኛው ወፍጮ እንደሆነ እናገራለሁ ባይ ነው፤ አፉ ደግሞ ወንፊት ነው። እሱ ካወቀ ጋሼ ሳይመሽ ይሰማሉ። እናም ማታ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ የፋብሪካውን ዱቄት ወደ ጋሼ ባዶ ጆንያ ስገለብጥ ከረምኩ። ባሌ አንድ ቀን ጸጉሬን አይቶ "ሸበትሽ እንዴ?" አለኝ።

"በአንተ ዘመዶች!" አልኩት።

ሙሉ በሙሉ የለወጥኩ ዕለት ፕሮፌሰር ዱቄቱን አሸ፣ አሸተተ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"የጋሼ እጅ!" አለ። "ከሺህ ዱቄት መሀል እለየዋለሁ።"

መጋዘን ሮጬ ገብቼ አፌን በሽርጤ አፍኜ ሳቅኩ። የትምህርት ቤቱም ዳቦ አንድ ቀንም አላረፈደም። ለጋሼ መንገር ብቻ ቀረኝ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ሰነበትኩ።

ሁልጊዜ ፋብሪካ የምሄደው ሰው በሌለበት በቀትር ነበር። ሰኞ ዕለት ግን መኪና የተገኘልኝ በማለዳ ነው። ግቢው በወረፋ ተጨናንቋል። የትእዛዝ ወረቀቴን ይዤ ስገባ አጥሩ ሥር አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የፋብሪካውን ዱቄት ወደ ሌላ ጆንያ ይገለብጣል። ቀና ሲል ጋሼ! እስከ ቅንድባቸው ነጭ ሆነዋል።

ደሜ ፈላ። እኔ ተደብቄ ስገለብጥ ወገቤ ተቆርጦ፣ ለካ ሁለቱም አንድ ዱቄት ነው! ያ ፕሮፌሰር ተብዬ!

"ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?"

"ወፍጮው ከተሰበረ ሦስት ወር አለፈው" አሉ። "ወረፋው ነው የሚያስረፍደኝ።"

"ታዲያ ምነው አይነግሩኝም?"

አቀረቀሩ። "ሌሎቹ ደንበኞቼ ወፍጮው መሰበሩን ሲሰሙ አንድ በአንድ ትተውኝ ሄዱ። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሦስት ሳምንት ብልጠቴን ሳደንቅ የከረምኩት እኒህን ሰው ባዶ እጃቸውን ላስቀር ኖሯል።

"አንቺስ በማለዳ ምን እግር ጣለሽ?" አሉኝ።

"ሰው ጠቁሞኝ እጅ ከፍንጅ ልይዝዎት ነዋ!" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጋሼ እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩት፤ አየት አድርገው ፊታቸውን መለሱ።

"ከእንግዲህ በቀትር ይግዙ፣ ወረፋ የለም" አልኳቸው። "ከዋዜማው ያድርሱልኝ፣ ንጋት ላይ እንዳልቸገር።"

"እሺ" አሉና ወደ ጆንያቸው ጎንበስ አሉ።

ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩና የጆንያውን አፍ ያዝኩላቸው።