አጭሩ የማርሽ ዘንግ

ቪዲዮው የአርባ ሰከንድ ነው። ቀነአ ግን ሙሉውን አይቶ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀበት። በከፈተው ቁጥር ደሙ ፊቱ ላይ እየወጣ ስልኩን በደረቱ ይደፋዋል።

መጀመሪያ ቀዩ ስፖርት መኪና ይታያል። ቀጥሎ የባለመኪናው የሮቤራ እጅ ማርሽ ሲያስገባ፤ ከዚያ ያ ድምፅ፦ ገርርርር! ብረት ብረትን ሲበላ። በመጨረሻ ሮቤራ ራሱ ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ ብቅ ይላል፦ «ነቀምት ያላችሁ ወገኖቼ! በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ካለው ከቀነአ ጋራዥ መኪናችሁን አርቁ። ሰውዬው ሥራ የተማረው በጆሮው ነው፤ በጆሮው አፈር ድሜ ያበላላችኋል!» ከሥር የሚስቀው ሰው ብዛት ለጉድ ነው። ሚስቱ ኢቢሴ ስንት ሰው እንዳየው ልትነግረው ስትል፣ «ተይኝ፣ አልሰማም» ብሎ ወጣ።

በጆሮው ተማረ መባሉ አይደለም ያንገበገበው። እውነት ነው። ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተር ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ፣ የቱ ኩሽኔታ እንደሚያቃስት እየለየ ነው የኖረው። ያንገበገበው ሌላ ነው። ከእነሮቤራ ቤት እስከ ጋራዡ በእግር አምስት ደቂቃ አይሞላም። ልጁ መኪናው ሲጮህበት «ኦቦ ቀነአ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ቢመጣ ምን ነበረበት? እሱ እቴ! አምስት ደቂቃ መሄድ ከብዶት ለዓለም ነገረ።

ደግሞ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ያውቃል። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ነው። ሮቤራ ከውጭ ያስመጣውን አጭር የማርሽ ዘንግ በካርቶኑ ይዞ መጣ። ቀነአ እያገላበጠ አየው። ዘንጉ ከላይ አጥሮ ከመገጣጠሚያው በታች ረዝሟል፤ እጅ ትንሽ ሲነቃነቅ ማርሹ ቶሎ እንዲገባ።

«የድሮው ምን ሆነብህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ረጅም ነው፤ እንደ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ከዚህ እዚያ ድረስ መጎተት! ይሄ ቀጭ፣ ቀጭ ነው የሚለው።»

«እሺ። ግን ስማኝ የኔ ልጅ፣ ዘንግ ሲያጥር ማርሹ ትዕግሥት የለውም። የፍሪሲዮኑን ፔዳል እስከ ታች ካልረገጥክ ይጮህብሃል። የድሮው ይችልህ ነበር፤ ይሄ አይችልህም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አለ ሮቤራ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ቀነአ እንደ ልማዱ እጁን ኮፈኑ ላይ አሳርፎ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ጸለየ። ከዚያ የመሀል ሽፋኑን ነቀለ፣ የቆዳውን ከረጢት ገለበጠ፣ አራቱን ብሎኖች በቅደም ተከተል በቆርቆሮ ክዳን ላይ ደረደረ፣ የድሮውን ዘንግ አወጣ። ያለቀውን የመገጣጠሚያ ቡሽ በአዲስ ቀየረ፣ ግራሶ ቀባ፣ አዲሱን ተከለ። ሲጨርስ ሬዲዮኑን አጠፋ። ማንም ሰው ከዚያ ጋራዥ እንዲሁ ቁልፍ ተቀብሎ አይወጣም፤ ባለቤቱ ራሱ ገብቶ፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ሦስት ጊዜ ማርሽ ይቀይራል፤ ቀነአ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ሮቤራም ቀየረ። ጉቴ ድረስ ነድተው ተመለሱ። «እንደ ቅቤ!» ብሎ ነበር፤ በገዛ አፉ፣ «ኦቦ ቀነአ፣ እንደ ቅቤ!»

ታዲያ በሰኞው ይሄ ቪዲዮ። ማክሰኞ ለሥራ ቀጠሮ የያዙ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ረቡዕ ደግሞ አንድ የትምህርት ቤት ሾፌር በጋራዡ በር እያለፈ መስኮቱን አውርዶ «ገርርርር!» ብሎበት ሄደ።

ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እዚያው ጋራዡ ግቢ፣ የማንጎው ዛፍ ሥር። ሰብሳቢው ኦቦ ታፋ ናቸው፤ በሰፈሩ ሁለት ሰው ከተጣላ እሳቸው ሳያስታርቁ አያድሩም። ከጎናቸው ከኪራሙ በኩል ተፈናቅሎ የመጣው፣ አይሱዙ መኪናውን ቀነአ ከጠዋት ጀምሮ እየሠራለት ያለው ጫንያለው ተቀምጧል። የሮቤራ እናት አዳነች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ተቀምጣለች። ከቀነአ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያመልኩት፤ እሁድ ዕለት መኪናው የምስጋና ጸሎት ሲደረግለት የጸለየው ራሱ ቀነአ ነበር። ሮቤራ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ገባ።

«አከም ጅርቱ» ተባባሉ፤ ጤና ተጠያየቁ፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ከዚያ ኦቦ ታፋ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ቀነአ፣ የልጁን ነገር ሰምተናል። መኪናው ከሥራው በፊት አይጮህም ነበር፤ ከሥራው በኋላ ጮኸ። ልጅ ነው፣ ችኩል ነው፣ ስልክ ላይ መለጠፉ ጥፋት ነው፤ ተቆጥተነዋል። አንተ ደግሞ ታላቅ ነህ። ‹አበላሽቼ ከሆነ ይቅር በለኝ› በለው፤ ቪዲዮውን ያነሳል፤ ያልቃል።»

«አልልም» አለ ቀነአ።

ኦቦ ታፋ የሰሙትን አላመኑም። በዚያ ሰፈር ታላቅ የሆነ ሰው ይቅርታ በል ሲባል፣ ጥፋቱ የእሱ ሆነም አልሆነም፣ ይላል። እንዲህ ነው የሚታረቁት።

«ምን አልክ?»

«አላበላሸሁም። አበላሽቼ ከሆነ ማለትም አልችልም፤ አለማበላሸቴን አውቃለሁና።»

«ኧረ ተው! አንተ የእግዚአብሔር ሰው አይደለህም እንዴ? አንዲት ቃል እኮ ናት።»

«ለዚያ ነው እኮ ኦቦ ታፋ!» ቀነአ ድምፁ ከፍ ሲል ለራሱም አዲስ ሆነበት። «ማታ ስንበረከክ፣ ‹ዛሬ ለሰላም ብዬ ዋሸሁ› ልበለው? ነገ ሰው መኪናውን ይዞ ሲመጣ፣ ‹እሱ ራሱ በሽማግሌ ፊት አምኗል› ቢሉት ምን ልመልስ? እኔ ከዚህ ጆሮዬና ከስሜ በቀር ምን አለኝ?»

«ያው ጆሮ ነው ጉድ የሠራን» አለ ሮቤራ፣ በለሆሳስ።

«አንተ ዝም በል!» አለችው እናቱ።

ጫንያለው ጉልበቱን መታ። «እኔስ የምለው፣ መኪናው እዚሁ ቆሟል አይደል? የምንከራከርበት ጩኸት እሱው ዘንድ ነው። አስነሱትና እንስማው እንጂ!»

ቀነአ ያኔውኑ ተነስቶ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

ሮቤራ እናቱን አየ፤ ሰጠው። ሁሉም ተከትለው ወጡ። ቀነአ የሾፌሩን በር እንደከፈተ ተወው፤ ገባ፤ ሞተሩን አስነሳ። ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ገፋ፦ ገርርርር! ሮቤራ «ይኸው!» ብሎ ጮኸ። ኦቦ ታፋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀነአ ዓይኑን ጨፍኗል። እግሩን አንስቶ እንደገና ረገጠ። ካምቢዮ፣ የማርሽ ቤቱ ራሱ፣ ሲሞት የሚያሰማው ድምፅ አለ፤ ከውስጥ፣ ከጥልቅ የሚመጣ። ይሄ እንደሱ አይደለም። ይሄ ከማርሹ በግማሽ ብቻ የተላቀቀ ሞተር ድምፅ ነው። ጫማው ደግሞ የረገጠው ወለል አይደለም፤ የሆነ ለስላሳ ነገር ነው፤ እንደ ትራስ። ፔዳሉ ሊወርድ የሚገባው ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል።

ዓይኑን ገለጠ። ጎንበስ አለ።

ወለሉ ላይ ወፍራም ቀይ ጸጉራም ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ዳር ዳሩ በወርቃማ ጥልፍ የተከፈፈ። አንስቶ ሥሩን አየ፤ ሌላ፣ የስፖንጅ ድርብ። ከሥሩ ደግሞ የመኪናው የራሱ ጎማ ምንጣፍ። ሦስቱንም ጠቅልሎ መሬት ላይ ጣላቸው። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ፔዳሉ እስከ ታች ወረደ። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ።

«ዋይ!» አለ ጫንያለው። «ምንጣፉ ነው እንዴ? አራት ቀን ሙሉ ሰው ያፋጀ ምንጣፍ ነው?»

አዳነች ነጠላዋን ለቀቀች። «እኔ ነኝ» አለች። «ከጸሎቱ በፊት፣ እሁድ ጠዋት፣ በልኩ አስቀድጄ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ‹ልጇ መኪና ገዝቶ ባዶውን ይነዳል› እንዳይባል... ወንድም ቀነአ፣ አሳይቼሃለሁ እኮ።»

እውነቷን ነው። በመስኮት አሳይታዋለች፤ እሱም «ያምራል እህቴ» ብሎ ነበር።

«አሳይተሽኛል» አለ ቀነአ። «አይቼ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም። ለዚህ፣ ለዚህ ብቻ፣ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለካምቢዮው ግን አልጠይቅም።»

«በቃ፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ኦቦ ታፋ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ማንም አላጠፋም። ሁለታችሁም ይቅር ተባባሉ፤ ተጨባበጡ።»

«ሁለታችን?» ቀነአ ከመኪናው ወጣ። «ሁለታችን ኦቦ ታፋ? እኔ የማንን ስም በየስልኩ አዞርኩ? አንድ ሚዛን ላይ ነው የምታስቀምጡን?»

«ቪዲዮውን አጠፋዋለሁ» አለ ሮቤራ ፈጠን ብሎ፣ ስልኩን እየነካካ። «ይኸው፤ አጠፋሁት። የለም።»

«ከስልክህ የለም። ‹ገርርርር› እያለ ከሚያልፈው ሾፌር አፍ ላይስ አጠፋኸው? ጩኸቱን ያሰማሃቸውን ሰዎች ጠርተህ፣ አሁን የሰማኸውን አሰማቸው።»

«ኦቦ ቀነአ፣ እኔ እኮ... ተከታዮቼ ይስቁብኛል።»

«በኔ ሲስቁ ደስ ብሎህ አልነበር?»

አዳነች ጎንበስ ብላ ቀዩን ምንጣፍ ከአቧራው አነሳች፤ አራገፈችው፤ ደረቷ ላይ ይዛ ልጇ ፊት ቆመች። «ቅረጸኝ» አለችው። «ያነጠፍኩት እኔ ነኝ፤ እኔ እናገራለሁ።»

«አይሆንም እህቴ» አለ ቀነአ። ድምፁ ለስልሷል፤ ቃሉ ግን አልላላም። «አንቺ ምንጣፍ አነጠፍሽ እንጂ ማንንም አልተናገርሽም። የተናገረ ይናገር።»

ሮቤራ ፊቱ ቀላ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ፤ ስልኩን ወደ ራሱ አዞረ። «ሰላም ወገኖቼ፤ በኔና በኦቦ ቀነአ መሀል ትንሽ አለመግባባት ተፈጥሮ...»

«አለመግባባት አልነበረም» አለ ቀነአ። «እንደገና።»

«ሰላም ወገኖቼ። መኪናው ላይ የተፈጠረው ችግር በምንጣፍ ምክንያት መሆኑ ተረጋግጧል...»

«ማን ምን አለ? ማን ነው ‹አርቁ› ያለው?»

«ኧረ አሁንስ በቃህ!» አሉ ኦቦ ታፋ ተቆጥተው። «ልጁን ልታዋርደው ነው እንዴ?»

«ይተዉት» አለ ጫንያለው። «ሰውየው ሥራውን ሦስት ጊዜ ነው የሚሞክረው፤ አያውቁትም?»

ሮቤራ ሳያስበው ሳቀ፤ ሲስቅ ትከሻው ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረ። «እኔ ሮቤራ ነኝ። ሰኞ ዕለት ስለ ኦቦ ቀነአ የተናገርኩት ውሸት ነው። ሳልጠይቀው፣ ሳላጣራ ተናገርኩ። ፍሪሲዮኑን አልረገጥኩም፤ ምንጣፍ ነበረ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አሁን ስሙ።» መኪናው ውስጥ ገብቶ ስልኩን ማርሹ አጠገብ ያዘ፤ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ቀየረ።

ቀነአ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሦስት ጊዜ ቀየረ ልጁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሰማው።

ሮቤራ ወጥቶ እጁን ዘረጋለት። ቀነአ መዳፉ ግራሶ ስለነበረ የእጁን አንጓ ሰጠው፤ ልጁም አንጓውን ጨበጠ።

«ሰው እንዲህ ነው የሚታረቀው?» አሉ ኦቦ ታፋ፣ ገና ቅር እንዳላቸው። «እጅህን ታጠብና በደንብ ጨብጠው እንጂ!»

«የጫንያለው አይሱዙ ይጠብቀኛል» አለ ቀነአ። «ስጨርስ እታጠባለሁ።» ካቻቢቴውን አንስቶ ወደ ውስጥ ገባ።