የነሐሴ ምች

ታረቀኝ የዓምሃን ሞት የሰማው በፍልሰታ መግቢያ ነው። ከዓምሃ ጋር አንድ ጦር ውስጥ የነበረው ሬድዋን፣ እግሩን ቆስሎ ከሰሜን ተመልሶ፣ በምርኩዝ ቁልቁለቱን ወርዶ ደጃፉ ድረስ መጣ። ለእናቲቱ ለመንገር አንደበቱ እንቢ ቢለው ለዓምሃ ክርስትና አባት ለታረቀኝ ነግሮት ሄደ።

ታረቀኝ ወሬውን ይዞ ቀጨኔ ወደምትኖረው ወደ ማሚቴ፣ ወደ ዓምሃ አክስት ወጣ። ማሚቴ ጎረቤት እንዳይሰማት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ሲወጣላት፣ «እህቴ ለልጇ ሱባኤ ገብታለች» አለች። «ቁስቋም ማርያም ደጅ ተደፍታ መልሽልኝ እያለች ስትለምን፣ ሞቷል ብለን እናቋርጣት? ጾሙ ይፈታ። ያን ጊዜ በወጉ እናረዳታለን።»

ወጉም እንዲያ ነው። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ይነገራል እንጂ መንገድ ላይ አይጣልም። ታረቀኝ እሺ ብሎ ተመለሰ።

እሱና የዓምሃ እናት የዓለምወርቅ ከቁስቋም ዳገት ሥር፣ ወንዙ ዳር፣ ጎን ለጎን የጓሮ መሬት ነበራቸው። በእሷ በኩል ያለው ድንች የዓምሃ ድንች ይባላል። ልጁ በአፈሳ ለብሔራዊ ውትድርና ከመወሰዱ በፊት፣ ደህና የያዘውን ግንድ ብቻ በየዓመቱ እየመረጠ ያቆየው ዘር ነው፤ ቆዳው ቀላ ያለ፣ ሲቀቀል እየፈነዳ የሚከፈት። ከሄደ ወዲህ እናቱ ብቻዋን ትተክለዋለች። ሲመጣ ዘሩን አስረክበዋለሁ ትል ነበር።

የነሐሴ ጉም ከእንጦጦ ወርዶ ጓሮው ላይ ተኝቶ በሰነበተበት ሳምንት፣ ታረቀኝ ጎንበስ ብሎ አንዲት ቅጠል ገለበጠ። ከላይ የፈላ ውሃ እንደነካው ጠቁሯል፤ ከሥሩ ዱቄት የነሰነሱበት የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይዟል። ምች ነው። ምች ከገባ ቅጠሉ ከነግንዱ ይታጨዳል፤ ከጓሮ ርቆ ይቀበራል፤ ድንቹ ቆዳው እስኪጠና አፈር ውስጥ ይቆይና ይወጣል። ከዘገዩ ግን ዝናቡ በሽታውን ከቅጠሉ አጥቦ ወደ ፍሬው ያወርደዋል። የሚረጨው መድኃኒት እንደሆነ ከጠፋ ቆይቷል።

የራሱን በዚያው ቀን አጨደ። የዓለምወርቅ ከቅዳሴ ስትመለስ አጥሩ ጋ ቆመች።

«አበልጅ፣ ምነው ጓሮዎን እንደ ሐዘንተኛ ራስ ላጩት?»

ታረቀኝ ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ምች ገብቷል። ያንቺም ነክቶታል። ዛሬውኑ እጨጂው፤ ካልሽ እኔ አጭድልሻለሁ።»

«ይሄን በመሰለ አበባ ላይ ማጭድ?» ሳቀች። «በጾም ሆድ ባዶ ሲሆን ዓይን ሁሉን በሽተኛ ያያል።» ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለመስቀል ለወታደሮቹ ፈቃድ ይሰጣቸዋል እያሉ ነው። ዓምሃ መጥቶ ባዶ መሬት አያይም።»

«ፍሬው ይበሰብሳል፣ የዓለም። ዘሩ ይጠፋብሻል።»

«ሲመጣ እሱ ያውቅበታል።»

«እሱን አትጠብቂ!»

አመለጠው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ለምን?»

«ማለቴ... በቃ፣ ምች ሰው አይጠብቅም።»

«ሱባኤ ላይ ነኝ፣ አበልጅ። ተስፋዬን አይንኩብኝ» ብላ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የጠቆረውን ቅጠል ብቻ በጣቷ እየለቀመች ስታወጣ ያያት ነበር። ጤዛ የጠጣው ቀሚሷ ከታመመው ግንድ ወደ ጤነኛው እየታከከ በሽታውን መደብ ለመደብ ያደርሰዋል። አንድ ቀን እሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ማጭዱን ይዞ አጥሯን ተሻገረ። የመጀመሪያውን ግንድ ጨበጠ። ከዚያ፣ የልጇ ድንች ታጭዶ ብታገኘው ምን ብላ እንደምትጠይቀው አሰበ። ያለ ፈቃዴ የሚያሳጭድ ምን ሰሙ ትለዋለች። ጭብጡን ለቆ ተመለሰ።

ጾሙ ተፈታ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ማሚቴ ከፊት፣ ታረቀኝና የእድሩ ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው በሯን አንኳኩ። የዓለምወርቅ በሩን ከፍታ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ስታያቸው፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባት። ጩኸቷን ዳገቱ ሁሉ ሰማው። አስከሬን አልነበረም፤ በፎቶው ተለቀሰ።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ መቆፈሪያ ይዛ ወደ ጓሮው ወረደች። ታረቀኝ ሊያግዛት ተከተላት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ወጣ። ቀላ ያለው ቆዳ ሲነኩት ሟሟ። ሁለተኛውም፣ ቀጣዩም እንዲያው ነበር። የዓለምወርቅ እንባ አላወጣችም። ጭቃ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የሰሙት?»

«በፍልሰታ መግቢያ።»

«ቅጠል ስለቅም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ይቆይ ያለችው ማሚቴ ነች ሊል ይችል ነበር። ሱባኤሽን ፈርተን ነው፣ ወጉ ነው ሊልም ይችል ነበር።

«እሱስ አንዴ ሄዷል» አለች። «ቢነግሩኝ አጭደው ነበር። ዘሩ እንኳ ይቀርልኝ ነበር።»

ታረቀኝ እስኪመሽ መሬቱን በጣቱ በረበረ። ከዚያ ሁሉ ጓሮ ነውር የሌለበት የተገኘው እፍኝ የማይሞላ ነበር። አጥቦ ሲሰጣት አልተቀበለችውም። «እርስዎ ዘንድ ይሁን። እንደገና ሲጠቁር ማየት አልችልም።»

በበጋው፣ ከወንዙ ውሃ እየቀዳ በራሱ መደብ ላይ ተከለው። በቀለ። አፈር አስታቀፈው። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር በየማለዳው ቅጠሉን እየገለበጠ ያይ ነበር። አንድ ጉማም ጠዋት ቀና ሲል የዓለምወርቅ ከነጥቁር ልብሷ አጥሩ ጋ ቆማለች። ከሐዘኑ ወዲህ ወደ ጓሮው ስትወርድ የመጀመሪያዋ ነው።

«እንዴት አደረ?»

የያዘው ቅጠል ጫፉ ላይ ጠቁሯል። ደህና ነው የሚለው ቃል ከንፈሩ ላይ ደረሰ። ዋጠው።

«ነክቶታል፣ የዓለም።»

የአጥሩን እንጨት አንስታ ገባችና እጇን ዘረጋች።

«ማጭዱን ይስጡኝ።»