አልወፍር ያለው ዘይት

ሻይብ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገዛ አገሩ ተደብቆ ኖሯል። በሪፍ ተራሮች ሕግ ቢከለክልም ካናቢስ የማይዘራ ገበሬ አልነበረም፤ እሱም ዘራ። የመያዣ ትእዛዝ ሲወጣበት ጫካ ገባ፤ የእናቱን ቀብር እንኳ ከሸንተረር ላይ ሆኖ ነው ያየው። በኋላ ምሕረት ታወጀና ለመድኃኒት የሚሆነውን በፈቃድ መዝራት ሲቻል ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ የፈረመው እሱ ነበር።

የመጀመሪያው አዝመራ ደህና ያዘ። ነገር ግን የገበሬዎቹ ማኅበር ከቅጠሉ ዘይት የሚያጣራበት ማሽን ፈቃድ እስኪያገኝ ስምንት ወር አለፈ። የሻይብ ምርት ያን ሁሉ ጊዜ በጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከረመ። በየቀኑ እየሄደ ያገላብጠዋል፤ አረንጓዴው ግን ቡናማ ሆነ፣ ሽታውም ጠፋ።

ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሚሙንት የእህቱ ልጅ ናት፤ ቴትዋን ከተማ ኬሚስትሪ ተምራለች። የተጣራውን ዘይት ካቀዘቀዘች በኋላ በማንኪያ ቀድታ አዘነበለችው። እንደ ማር መሳብ ሲገባው ፈጥኖ ወረደ። መልኩም ጠቁሯል።

"እሳቱ አንሶት ይሆን?" አላት ሻይብ።

"እሳት ብጨምርበት ይብስ ይጠቁራል እንጂ አይወፍርም፣ አጎቴ። ሁለቴ አሳልፌዋለሁ። የሚያወፍረው የቅጠሉ ኃይል ነበር፤ እሱን ሙቀትና አየር በልተውታል። ማሽን ያለውን ያጠራል፣ የሌለውን ከየት ያመጣል?"

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቡጀማ በሩን ተደግፎ ይሰማል። "ማወፈሪያ ጠብ እናድርግበት። ገዢው የሚያየው ውፍረቱን ነው።"

"ከነማወፈሪያው ወደ ሳንባው የሚስበው ግን በሽተኛ ነው" አለች ሚሙንት።

"አንቺ ደሞ የቴትዋንን ትምህርት እዚያው ተይልን። አባባ ሻይብ፣ አዝመራው ያንተ ነው። አንተው ወስን።"

ሻይብ ማንኪያውን ተቀብሎ ዘይቱን አየው። ጎተራው ባዶ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ዘር መግዣ ከዚህ ዘይት ሽያጭ ነበር የሚገኘው።

"ወንጀለኛ ሲሉኝ በኖርኩበት ዘመን ሰው አልመረዝኩም" አለ በመጨረሻ። "ፈቃድ ካገኘሁ ወዲያማ አልጀምርም።"

ቡጀማ ትከሻውን ሰብቆ ወጣ።

ገዢው ቀጥኗል ብሎ ናሙናውን መለሰው። ያልተሸጠውን ማቆየት ሕግ ስለሚከለክል ዘይቱ በሹማምንት ፊት ተቃጠለ፤ ሻይብ ቆሞ አየና በታዘዘበት ቦታ ፈረመ። ማኅበሩም ለክረምት ሳይደርስ ፈረሰ። ሚሙንት ታንጃ ከተማ ወርዳ ሽቶ መደብር ተቀጠረች፤ ስትሰናበተው ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም "ሂጂ ልጄ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አላት።

በጸደይ ጎረቤቶቹ ፈቃዱን ትተው እንደ ድሮው በስውር ዘሩ። አንዱ በሻይብ ማሳ ዳር ቆሞ፣ "አንተስ ዘንድሮ ምን ልትዘራ ነው?" አለው።

"ምንም። ጉልበቴ ከዳኝ። ከእንግዲህ ተራራ ወጥቼ የምደበቅበት ዕድሜ የለኝም።"

ሰውየው ወደ ሥራው ሄደ። ሻይብ ማሳውን ሳያርስ ከረመ፤ በሰኔ እሾህ በቀለበት።