ሁለተኛው ገንዳ

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ ከመቀመጫቸው ተነሱ፤ ጥቁር ሻርፓቸውን አስተካክለው ለቅሶ ሊደርስ የተሰበሰበውን ሰው ዝም አሰኙ። ከዚያም ወንድማቸውን ሲቀብሩ በተናገሩበት ድምፅ አስታወቁ፦ ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሶኬት ከእንግዲህ ማንም ሰው እንዳይነካው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት አንድ የሩቅ ዘመድ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የዓሣውን ገንዳ የአየር ፓምፕ ነቀለ። ጥቂት ቆይቶ ዓሦቹ በሙሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። ለቀስተኛው ይህን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ። አንዲት ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች፣ "እነሱም አውቀዋል" አለች። ለሟቹ የጌጥ ዓሦች ይሸጥለት የነበረው ነጋዴ ለቅሶ ሊደርስ ብቅ ባይል ኖሮ፣ ዓሦቹ በሐዘናቸው እየተመሰገኑ ያልቁ ነበር።

ነጋዴው ፓምፑን መልሶ ሰካና ገንዳውን ሲመረምር ቆየ። ገንዳው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሙሉ ይዟል፤ ጨዋማ ውሃ፣ አለት፣ አለቱ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱ ኮራል የሚባሉ የባሕር ፍጥረቶች። ሟቹ ባሕር በዓይኑ አይቶ ባያውቅም ሠፈሩ "መርከበኛው" ይለው የነበረው በዚህ የተነሳ ነው። ነጋዴው ለሟቹ ሚስት ቀስ ብሎ ነገራት። ውሃው እየተበላሸ ነው። ወይ በየሁለት ቀኑ በባልዲ እየተቀዳ ይለወጥ፣ ወይ ጎኑ ያለው ትንሹ ገንዳ ይያያዝ። አለዚያ ኮራሎቹ ሳምንት አይቆዩም።

ትንሹን ገንዳ ሟቹ ጀምሮት ነበር። ውስጡ አልጌ የሚባለው የውሃ ሣር ይበቅላል። ሲያያዝ የትልቁ ገንዳ ውሃ በቧንቧ እየመጣ ያልፍበታል፤ አልጌው ቆሻሻውን ይበላል፤ የጸዳው ውሃ በሌላ ቧንቧ ይመለሳል። ዓሦቹ እያሳደዱ የሚለቅሟቸው ደቃቅ ነፍሳትም እዚያ ተሸሽገው ይራባሉ። ሁሉም ነገር አልቆ ሁለት ቧንቧዎች ብቻ ሳይገጠሙ ቀሩ።

እትዬ ጉዳዩን በአጭሩ ሊቆርጡት ፈለጉ። ነጋዴው ጠቅልሎ ይውሰደው። "አንቺ ስትሰፊ ውለሽ ስትመጪ ደግሞ የዓሣ አሽከር ልትሆኚ ነው?" አሏት።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች እንጂ ምክንያት አልሰጠችም፤ ለነገሩ ምክንያቱ ለራሷም አልተገለጠላትም። ያንን ትንሽ ገንዳ እንዳየችው ነው የጠላችው።

የዛሬ ሰባት ወር ሐኪሙ ሦስቱን ወደ ኮሪደሩ ጠራቸው፤ እሷን፣ እትዬንና የሟቹን ታናሽ ወንድም። ብዙ አልተናገረም። በሽተኛው ዓመት አይቆይም፣ አለ። ሐኪሙ ዞር እንዳለ እትዬ ሁለቱን አስማሏቸው። ወንድሜ ይህን ሳይሰማ ይኑር። ጨጓራ ነው ይባል።

ተባለ። እሱም "ጨጓራ ነው እንዴ?" ብሎ ወተት መጠጣት ጀመረ። ታዛዥ የጨጓራ በሽተኛ ወጣው። የሚያቃጥል ነገር ተወ፤ በሰዓቱ በላ፤ ሰው ሲጠይቀው "ዛሬስ ጨጓራዬ ረገብ ብሎልኛል" ይላል፤ ቤተሰቡም እፎይ ብሎ ይተያያል። እትዬ በየሳምንቱ ስለ ጨጓራ አዲስ ወሬ ይዘው ይመጡ ነበር። መጨረሻ ላይ ራሳቸውም ሳያምኑበት አልቀሩም።

ሚስቱ ልትለው የምትፈልገው ብዙ ነበር። አንዳንዴ መርፌዋን አስቀምጣ ወደሱ ትዞርና አፏን ትከፍታለች። የሚወጣው ግን "ወተትህን ጠጣ" የሚል ነው።

በዚህ መካከል ነው ባዶ የመስተዋት ገንዳ ተሸክሞ የገባው። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ በደረቱ ተኝቶ ቧንቧ ሲያጠብቅና ሲፈታ ያመሻል። የቀረው ጊዜ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቀው እሷ፣ ያንን ጊዜ ለፕላስቲክ ቧንቧ ሲያውለው ቆማ ታያለች፤ መናገር ደግሞ አትችልም። አንድ ቀን ግን መታገሥ አቃታት።

"ሁለት ደቂቃ አብረን ብንቀመጥ ምን ይጎድልብሃል?" አለችው።

"መጣሁ፣ ይቺን ላጥብቅና" አላት፣ ከገንዳው ሥር ሆኖ። በዚያ ምሽት አኩርፋው ተኛች።

በአምስተኛው ቀን ቧንቧ ሠራተኛው ታናሽ ወንድም የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ሐዘን ቤት ውስጥ መጋዝ ነውር ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነሳ፤ ሽማግሌዎቹ መከሩበትና ቀስ ተብሎ እንዲቆረጥ ተፈቀደ። ወንድሙ ተንበርክኮ ለካ፣ ቀስ ብሎ ቆረጠ፣ ማስቲሽ ቀብቶ አያያዘ። እስኪደርቅ ሻይ ቀረበለት።

በወዲያኛው ጥግ እትዬ አሁን ለገቡ ለቀስተኞች የሁልጊዜውን ይነግራሉ። ሳይጨነቅ ኖረ፣ ሳያውቅ ሄደ፣ እኛም የምንጽናናው በዚህ ነው። ሚስቱ ይህን በሰማች ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ካላወቀ፣ የሰባት ወር ውሸቷ ስጦታ ነው። ካወቀ ግን፣ በአንድ አልጋ ላይ ብቻውን ትታው ኖራለች። አምስት ቀን ሙሉ ከዚህ ሌላ ያሰበችው ነገር የለም።

"ይሄ ነገር ልክ አይደለም" አለ ወንድሙ ድንገት።

ብርጭቆውን አስቀምጦ የትንሹን ገንዳ የውሃ መዝጊያ በጣቱ አሳየ። ዝቅ ብሏል። የመብራቱ ማብሪያም፣ አልጌው የሚታጨድበት ክዳንም እንደዚሁ። አጠገቡ ላሉት አስረዳ፤ ወንድሙ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ በሚሠራበት ቤተ መጻሕፍት መሰላል ነክቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ትልቁን ገንዳ በራሱ ክንድ ልክ ስለሠራው፣ ሚስቱ ለዓሦቹ ምግብ ለመስጠት ወንበር ላይ ትወጣለች። ይሄኛውን ግን እሱ ራሱ ልክፈተው ቢል ወገቡን አጥፎ ነው።

"በሽታው አድክሞት ልኬቱ ተሳስቶበታል" አለ። "ልቁረጠውና ከፍ ላድርገው።" መጋዙን አነሳ።

"ተወው" አለች ሚስቱ።

ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣችና ትንሹ ገንዳ ፊት ቆመች። ክንዷን ዘረጋች። መዝጊያው መዳፏ ውስጥ ገባ። ጎንበስ አላለች፣ አልተንጠራራችም። በሌላኛው እጇ ማብሪያውን ነካች፤ ቀጥላ ክዳኑን። ሁሉም በእሷ ቁመት ልክ፣ እጇ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነበሩ።

ወንድሙ መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"መቼ ነበር የጀመረው?" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ከሐኪም ቤት በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት።"

በወዲያኛው ጥግ እትዬ "ምንም ሳያውቅ..." እያሉ ነበር። ዓይናቸው የሚስቱ እጅ ላይ አረፈ፤ የጀመሩትን አልጨረሱም። ለቀስተኞቹ የቀረውን ለመስማት በትህትና ጠበቁ።

ሚስቱ መዝጊያውን አዞረችው። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ትንሽ አንጎራጎረና ወደ ትንሹ ገንዳ ይወርድ ጀመር። ወንድሙ የሚያንጠባጥብ ማያያዣ እንዳለ ለማየት ጎንበስ አለ፤ ቀና ሳይል ቆየ። እሷም እጇን ከመዝጊያው ላይ አላነሳችም።